ትርፍሽን ባጃጅ እንዳይበላው!

ዛሬ ስለ ፍቅር አናወራም፤ የምናወራው ፍቅርን ስለሚያናጋው ስለ ገንዘብ ነው።

ደብዳቤው የመጣው ከዱከም ነው። ጸሐፊዋ የ26 ዓመት ወጣት ስትሆን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ከወለደች በኋላ ግን ልጅ የሚይዝላት አጥታ ሥራዋን ተወች። በቅርቡ የ25 ሺህ ብር ዕቁብ ወጥቶላታል። በዚህ ገንዘብ የሕፃናት መጫወቻ ከመርካቶ እያመጣች በቴሌግራም መሸጥ ትፈልጋለች። ባለቤቷ “ስልክ ላይ ተጎልተሽ ገንዘቡን ልትበትኚው ነው” ብሏት ከተኳረፉ ሳምንት አልፏቸዋል። “ዕቃውን በአንዴ ገዝቼ ቤት ላስቀምጥ ወይስ ፎቶ ብቻ እየለጠፍኩ ሲታዘዝ ላምጣ? ለመሆኑ ያዋጣኛል?” ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ስለ ዕቁቡ ልንገርሽ። በደብዳቤሽ “ሁለተኛው ዕጣ ነው የደረሰኝ” ብለሻል። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው ገንዘብ አገኘ አይባልም፤ ተበደረ ነው የሚባለው። እስኪያልቅ ድረስ በየወሩ መጣል አለብሽና። 25 ሺውን በሙሉ አሻንጉሊት ካደረግሽው ዳኛው በአሻንጉሊት አይቀበልሽም! የሚቀጥሉትን ሦስት ወራት ዕቁብ ለብቻ አስቀምጪ። ከቀረው በሲሶው ብቻ ጀምሪ።

አሁን ወደ ትርፉ እንምጣ። እኔ የተማርኩት እስከ 12ኛ ክፍል ቢሆንም ለዚህ ንግድ መደመርና መቀነስ ይበቃል። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምጠቅሰው፤ አንቺ በራስሽ ዋጋ ተኪያቸው። አንዱን መጫወቻ በ300 ብር ገዝተሽ በ450 ሸጥሽ እንበል። “150 ብር አተረፍኩ” ትያለሽ። ቆይ እንጂ! ዱከም ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በቃሊቲ አድርገሽ መርካቶ ደርሶ መልስ፣ ከተሸካሚው ጋር 250 ብር አወጣሽ እንበል። አሥር መጫወቻ ካመጣሽ ለእያንዳንዱ 25 ብር ይደርሰዋል። ማሸጊያ 10 ብር፣ ስልክና ኢንተርኔት 15 ብር። “ዴሊቨሪ በነፃ” ብለሽ ስለለጠፍሽ የባጃጁም 60 ብር ካንቺው ኪስ ነው። ድምሩ 110 ብር! በእጅሽ የቀረው 40 ብር ብቻ ነው።

በዚህም አያበቃም። ከአሥሩ ደንበኞች ሁለቱ ባጃጁ ደጃፋቸው ሲደርስ ስልካቸውን ቢያጠፉስ? ከስምንቱ 1,200 ብር ታገኛለሽ፤ ለአሥሩ ግን 1,100 ብር አውጥተሻል። የቀረሽ 100 ብር! ሁለቱ መጫወቻዎች ደግሞ 600 ብርሽን ይዘው አልጋ ሥር ይተኛሉ።

መላው ምንድን ነው? “ነፃ ዴሊቨሪ” የምትለዋን ቃል ሰርዣት። ዱከም ውስጥ በተቀጣጠራችሁበት ቦታ መጥቶ ለሚወስድ ነፃ ይሁን፤ ቤቴ ድረስ ላለ የባጃጁን ራሱ ይክፈል። ዕቃው ከመነሳቱ በፊትም ግማሽ ቀብድ በቴሌብር ይግባልሽ። “ደንበኛ ይሸሸኛል” ትይ ይሆናል። ይሽሽ! አራቱ ሸሽተው ስድስት ብቻ ገዙሽ እንበል። 900 ብር ታገኛለሽ። መንገዱ 250፣ ማሸጊያና ስልክ 150 ሲቀነስ 500 ብር ይቀርሻል። በአሥር ደንበኛ ስትሯሯጪ 100፣ በስድስት ደንበኛ ረጋ ብለሽ 500!

ላከማች ወይስ ሲታዘዝ ላምጣ ላልሽው፣ በበኩሌ ሁለቱንም አደባልቂ እላለሁ። ቶሎ ቶሎ የሚሸጡትን አራት አምስት ዓይነት ብቻ ቤት ያዢ። ሌላውን ፎቶ ለጥፈሽ በትዕዛዝ አድርጊው። ግን በየትዕዛዙ መርካቶ አትሩጪ። “ማምጫ ቀኔ ረቡዕና ቅዳሜ ነው” ብለሽ ለጥፊ፤ ልጅ ለያዘች እናት ይህ ዕረፍትም ነው። ፎቶውን ከመለጠፍሽ በፊት ደግሞ ዕቃው መኖሩንና ዋጋውን ለባለሱቁ ደውለሽ አረጋግጪ። ለአዳማና ለአዲስ አበባ ደንበኛ ሙሉ ክፍያ ሳይገባ አትላኪ። በሞተር አድራሾች የምትልኪ ከሆነ ከደንበኛው የተቀበሉትን ገንዘብ በየቀኑ እንዲያስረክቡሽ ተዋዋዪ። ሲከማች ጠብ ያመጣል።

ዋጋ ስታወጪ የገዛሽበትን ብቻ አትይ። መጫወቻው አብዛኛው ከቻይና የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ በድሮው ዋጋ የሸጠ ሰው ያንኑ ዕቃ መልሶ መግዛት ያቅተዋል። ስለዚህ ነገ በምትገዢበት ዋጋ አስቢ። ደግሞም በስልክ መነገድ ከፈቃድና ከግብር ነፃ አያወጣምና ከመጀመርሽ በፊት የከተማሽን ንግድ ጽሕፈት ቤት ጠይቂ።

አንድ ነገር አደራ! የምትሸጪው ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ለሚከት ሕፃን ነው። የሶፍት ጥቅልል ሲያልቅ የሚቀረውን ካርቶን አንሺ። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ መጫወቻ ወይም ተነቃይ አካል ካለ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አትሽጪ፤ ጉሮሮ ይዘጋልና። እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪም ተውጣ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች። ክዳኑ በብሎን ያልታሰረውን መርካቶ ላይ ተዪው፤ ቢረክስም ተዪው። ለልጅሽ የማትሰጪውን ለሰው ልጅ አትስጪ።

ስለ ባለቤትሽ ደግሞ... ክርክሩን ተዪና ደብተር ግዢ። የወጣውን በግራ፣ የገባውን በቀኝ ጻፊ። ማታ ማታ እሱ ራሱ ይደምረው። ሁለት ወር ሞክሩት። የመንገዱና የማሸጊያው ተቀንሶ የዕቁቡን መዋጮ የሚሸፍን ትርፍ ካልተገኘ፣ አቁሙ፤ የጠፋው ሲሶው ብቻ ነው። ከተገኘ ግን ኩርፊያው በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና በቀስታ ታጠቂ፣ እህቴ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!