ሐሳባችን በሹራ ሲወድቅ



ባለፈው ረመዷን መዳረሻ ላይ የጀመዓችን ሹራ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ጉዳዩ የተዋጣው ገንዘብ ነው። ግማሾቻችን እንግዳ ጠርተን አንድ ትልቅ ኢፍጣር እናዘጋጅ አልን፤ ግማሾቻችን ደግሞ ኖን ካፌ የሆኑ ተማሪዎችን ወሩን ሙሉ በሱሑር እናግዝበት አልን። ሁለቱም ወገን በቂ ምክንያት ነበረው። ትልቁ ኢፍጣር ማንንም የማያውቀውን ፍሬሽ ተማሪ ከጀመዓው ጋር ያስተዋውቃል። ሱሑሩ ደግሞ በደረቅ ዳቦ ጾም የሚይዘውን ልጅ ይደርስለታል። ክርክሩ ሞቅ ሲል አንድ ወንድም «ኧረ ፊትና እንዳይሆን» አለ። ሁላችንም ጸጥ አልን። አሚሩ ኢፍጣሩን መረጠ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተበተንን።

የሱሑሩን ሐሳብ ከደገፍነው ሰባት ልጆች መካከል በኢፍጣሩ ዕለት ድንች ለመላጥ የመጣነው ሁለት ብቻ ነን። እኔም የደረስኩት ዐስር ሶላት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው በዛ፣ ምግቡ አነሰ፣ ሰልፉ መጨረሻ ላይ የቆሙት ቴምርና ውሃ ብቻ ይዘው ተመለሱ። እውነቱን ልናገርና፣ በሆዴ «ብያችሁ ነበር» እያልኩ ትንሽ ደስ አለኝ። ጾመኛ ምግብ አጥቶ ሲመለስ አይቶ ደስ የሚለው ሰው ምን ሆኗል? ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ ስላልለቀቀኝ ነው።

የኡሑድን ታሪክ ሁላችንም ሰምተናል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚተረክልን ከቀስተኞቹ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ምክክር ለእኛ ለተማሪዎች የበለጠ የቀረበ ይመስለኛል። በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ (625) የቁረይሽ ጦር መዲና አጠገብ ሲሰፍር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰሓቦችን አማከሩ። የእርሳቸው ዝንባሌ ከተማዋ ውስጥ ሆኖ መከላከል ነበር። በበድር ያልተሳተፉ ወጣቶች ግን ወጥተን እንግጠም ብለው አጥብቀው ጠየቁ። ነቢዩም የእነሱን ሐሳብ ተቀብለው ወደ ቤት ገቡና ጥሩራቸውን ለበሱ። በዚህ መሃል ወጣቶቹ «ያለ ፍላጎታቸው ገፋናቸው» ብለው ተጸጸቱ፤ ሲወጡም እርስዎ እንዳሉት ይሁን አሏቸው። እርሳቸው ግን ነቢይ ጥሩሩን አንዴ ከለበሰ በኋላ ሳይዋጋ ሊያወልቀው እንደማይገባ ነገሯቸው። ምክክሩ እስኪያልቅ ድረስ በሩ ክፍት ነበር፤ ካለቀ በኋላ ግን ተዘጋ።

አሁን ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን እንያቸው። መዲና ውስጥ እንቆይ የሚል ሐሳብ የነበረው ሌላ ሰው ዐብደላህ ኢብኑ ኡበይ ነው። ሐሳቡ ከነቢዩ ሐሳብ ጋር አንድ ነበር፤ በምክክሩ የወደቀውም አብሮ ነው። ነቢዩ ሐሳባቸው ሳይመረጥ ሲቀር የሌሎቹን ሐሳብ ይዘው ግንባር ላይ ቆሙ። ኢብኑ ኡበይ ግን «እኔን ትቶ ልጆቹን ሰማ» ብሎ ከሺህ ያህሉ ሠራዊት 300 ገደማውን ይዞ ከመንገድ ተመለሰ። ልዩነታቸው ሐሳባቸው ከወደቀ በኋላ ባደረጉት ነገር ላይ ነው። በኢፍጣሩ ዕለት ዘግይቼ የደረስኩት እኔ ከሁለቱ የማንን መንገድ እንደያዝኩ መናገር አያስፈልገኝም።

ኡሑድ ላይ 70 ያህል ሰሓቦች ሸሂድ ሆኑ፤ ነቢዩም ቆሰሉ። እኛ ብንሆን ከዚህ በኋላ «ልጆችን ማማከር ይብቃ» እንል ነበር። ከውጊያው በኋላ በወረደው በሱረቱ አሊ ዒምራን 159ኛ አንቀጽ አላህ ያዘዘው ግን ተቃራኒውን ነው፦ ይቅር እንዲሏቸው፣ ምሕረት እንዲለምኑላቸው፣ በጉዳዩም እንዲያማክሯቸው። ከዚያም ቁርጥ ሐሳብ ላይ ሲደርሱ በአላህ ላይ እንዲመኩ። ማማከርና መቁረጥ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ናቸው። እኛ ጋ ግን ወይ ማማከሩ ማለቂያ ያጣል፣ ወይ ገና ሳይጀመር ይቆረጣል።

ይህ የመስጂድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ አፓረንትሽፕ የወጣሁት አንድ የሕንፃ ግንባታ ላይ ነበር። አንድ የነሐሴ ጠዋት ሳይት መሐንዲሱ ሶሌታው ዛሬ ይሞላ አለ፤ ፎርማኑ ደግሞ ሰማዩን አይቶ ነገ ይሁን አለ። አንዱ የቀን ሠራተኛውን ሒሳብና የዘገየውን ሥራ ያስባል፣ ሌላው ዝናቡን። መሐንዲሱ ፎርማኑን አላቋረጠውም። ምን እንደሚያሰጋው፣ ቢዘንብ ምን እንደሚያስፈልግ አንድ በአንድ ጠየቀው። ከዚያ «ገብቶኛል፤ ግን ዛሬ እንሞላለን፣ ኃላፊነቱ የኔ ነው» አለ። ፎርማኑ ምንም ሳይል ሄዶ ሸራና ላስቲክ አሰብስቦ አጠገብ አስቀመጠ። ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ሸራውን ይዞ መጀመሪያ የሮጠው «ነገ ይሁን» ያለው ራሱ ፎርማኑ ነው። ፎርማኑ ሙስሊም አልነበረም። የሹራን አደብ ከእሱ መማሬ ግን ትንሽ አሳፍሮኛል።

ለግሩፕ አሳይመንት ያለንን ጠባይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ስም ያስጽፋሉ፣ ርዕሱ ያልተመረጠለት ደግሞ ስልኩን ያጠፋል። ከወራት በኋላ የምንመረቀው ልጆች ይህንኑ ጠባይ ይዘን ቢሮ እንገባለን።

ስለ አሚሮቻችንም አንድ ነገር ልበል። የሹራችን ትልቁ ዝምታ ከመጋረጃው ጀርባ ነው። የእህቶች ሐሳብ በወረቀት ተጽፎ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ከውሳኔው በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይነበብም። በሑደይቢያ (628) ሰሓቦች በስምምነቱ አዝነው፣ እረዱና ተላጩ ተብለው ሳይነሱ ሲቀሩ መውጫውን ያመላከቱት ኡሙ ሰለማህ (ረ.ዐ) ናቸው። ማንንም ሳያናግሩ ይውጡና መጀመሪያ የራስዎን ይረዱ፣ ራስዎን ይላጩ አሏቸው። ነቢዩም እንዳሏቸው አደረጉ፤ ሰዎቹም ተነሱ። በኋላ እንደሰማሁት በዚያ በእኛ ሹራ ዕለት የመጣው የእህቶች ወረቀት «ኢፍጣሩን ቀንሳችሁ የቀረውን ለሱሑር አድርጉት» ይል ነበር። ሁለቱንም ሐሳብ የያዘው ብቸኛው ሐሳብ አልተነበበም።

ስለዚህ ለመጪው ሹራ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። ወረቀቱ አሚሩ ከመወሰናቸው በፊት ጮክ ተብሎ ይነበብ። «ፊትና» የሚለው ቃልም ሰው ተሰድቦ ወይም ታምቶ ካልሆነ ክርክር ማቆሚያ አይሁን። አሚሩ ሲወስኑ ያልመረጡትን ሐሳብ ለምን እንደተውት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩን።

የሱሑሩን ሐሳብ ኢንሻአላህ ዘንድሮም አቀርበዋለሁ። ዘንድሮም ከወደቀ፣ ቢላዬን ይዤ ከዙህር ሶላት ጀምሮ ድንቹ ጋ ታገኙኛላችሁ።