ማሳሰቢያ፦ ስለ ቻይናው ቼዝና ስለ አያቶቻችን ሰንጠረዥ

በደብረ ታቦር፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት ለምትኖሩ፣ ከውጭም ቤተሰብ ልትጠይቁ ለምትመጡ ሁሉ።

በእንጨት ሣጥን የተደረደረ፣ ጠጠሮቹ የቻይና ንጉሥና ንግሥት፣ ጺማም ሽማግሌና ወታደር የሚመስሉ ቼዝ ይዞ «የዝሆን ጥርስ ነው፤ ከመኳንንት ቤት የወጣ ነው» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን አታውጡ። ቀብድም አትስጡ። «ነገ ሌላ ገዥ ይወስደዋል» ቢላችሁ፣ ይውሰደው በሉት።

ባለፈው በጋ አንዲት ጎረቤቴ አስጠሩኝ። ልጃቸው በሬ ሸጦ የገዛውን ሣጥን ነጠላ አልብሰው አልጋ ሥር አስቀምጠውት ነበር። «እስቲ እየው ልጄ፤ የአፄ ቴዎድሮስ ነው ብለውታል» አሉኝ። የአንዱን ወገን ስምንት ወታደሮች አውጥቼ በእጅ ባትሪ ብርሃን ጎን ለጎን አቆምኋቸው። በስምንቱም ባርኔጣ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አንድ ዓይነት ጭረት ነበረ። የሰው እጅ ስምንት ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ አይስትም፤ እንዲህ የሚስተው ማሽንና ቅርጽ ማውጫ ነው። እማማን ቀና ብዬ ማየት ከበደኝ። ነገሩን ስነግራቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ ነጠላውን መልሰው አለበሱት።

ይህን ፈተና ማንም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሊያደርገው ይችላል። ተመሳሳይ ጠጠሮችን አሰልፉና ጉድለታቸውን አወዳድሩ። በእጅ የተቀረጸ ከሆነ የአንዱ አፍንጫ ከሌላው ይለያል፤ የአንዱ ፈረስ አንገት ትንሽ ይጣመማል። ሁሉም ልክ እንደ መንትያ ከሆኑ ሬዚን የሚባለው ሰው ሠራሽ ሙጫ ነው፤ ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይገባና ይደርቃል። የቅርጹ ሁለት ግማሾች የተገናኙበት ቀጭን መስመር ከትከሻ ወደ እግር ሲወርድ ታዩታላችሁ፤ ከክንድ ሥር ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይሞረድ ይቀራል። በማጉያ መስታወት ስታዩት መርፌ የወጋው የሚመስል የአየር አረፋ ይገኝበታል። ቡናማውን «እርጅናም» ልብ በሉት። በሻይ ቀለም የተነከረ ዕቃ ቀለሙን በጎድጓዳው ሁሉ እኩል ያጠራቅማል። በእውነት ያረጀ ጠጠር ግን ጣት የሚይዘው አንገቱና ጫፉ ይለሰልሳል፣ ሥሩም ገበታ ላይ ሲጎተት ኖሮ ይበላል።

አጥንት ከሆነ ደም ሥር ያለፈባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ጠቆር ያሉ አጫጭር ሰረዞች ይታዩበታል። የዝሆን ጥርስ እነዚህ የሉበትም። በአግድም በተቆረጠው ገጹ ላይ እንደ ወንፊት የተጠላለፉ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ብዙ ሰው የሚመክረውን የጋለ መርፌ ፈተና ግን አትሞክሩ። ሬዚን ከሆነ ጢሱን ትተነፍሳላችሁ፤ እውነተኛ ጥንታዊ ዕቃ ከሆነም በገዛ እጃችሁ አበላሻችሁት ማለት ነው።

ደላሎች የሚያወሩት ታሪክ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ አለመሆኑ ደግሞ ነገሩን ያከብደዋል። በቻይና የካንቶን ጠራቢዎች ከ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ለአውሮፓ ገዢዎች የዝሆን ጥርስ ቼዝ ይሠሩ ነበር። አንዱን ወገን ነጭ ትተው ሌላውን ቀይ ይነክሩታል፤ ከአንድ ጥርስ የተፈለፈሉ፣ አንዱ በሌላው ውስጥ የሚሽከረከሩ ኳሶች ላይ ንጉሡን ያቆሙታል። ቻይናውያን ራሳቸው የሚጫወቱት ሌላ ነው፤ ፊደል የተቀረጸባቸው ክብ ጠፍጣፋ ጠጠሮች ናቸው፣ መሀሉ ላይ «ወንዝ» ባለበት ገበታ የሚሄዱ። ሰው ሰው የሚመስለው ቼዝ ከጥንትም ለውጭ ገበያ የተሠራ ጌጥ ነው። ዛሬ በየስጦታ ዕቃ መደብሩ የሚሸጠው ሬዚን የዚያ ቅጂ ነው። ለሳሎን ጌጥ የሚገዛው ሰው በስጦታ ዕቃ ዋጋ ቢገዛው አልቃወምም።

ዘመኑን ከዕቃው ላይ ማንበብም ይቻላል። ጠጠሮቹ ጋሻ ጃግሬ የመሰሉ፣ ፀጉራቸውን በጎን የቋጠሩ የሸክላ ወታደሮች ከሆኑ፣ ቅጂ የተወሰደባቸው የጥንቱ የሸክላ ወታደሮች በሺያን ከተማ አቅራቢያ ጉድጓድ በሚቆፍሩ ገበሬዎች የተገኙት በመጋቢት 1966 ዓ.ም. ነው፤ የእኛ አብዮት በፈነዳበት ሰሞን። አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ ያረፉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። ከመካከላቸው ከመቶ ዓመት በላይ አለ። ከሥሩ ወይም ከሣጥኑ ላይ የቻይና ጽሕፈት ካለ ፎቶ አንሥታችሁ ቻይንኛ ለሚያነብ ሰው አሳዩ፤ ቻይና የፊደሏን አጻጻፍ ያቀለለችው እ.ኤ.አ. በ1956 ስለሆነ በቀለለው ፊደል የተጻፈ ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዚያ አይቀድምም።

«ከደብረ ታቦር ቃጠሎ የተረፈ» የሚለውን ወሬ ሰምቻለሁ። ቃጠሎው እውነት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ መድፋቸውን ሴባስቶፖልን አስጎትተው ወደ መቅደላ ሲነሡ ከተማዋን አቃጥለዋታል። የሩቅ አገር ዕቃ ወደዚህ መድረሱም እውነት ነው፤ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ትልቁ የጎንደር መጋረጃ የተሸመነው ከውጭ በመጣ ሐር ነው። ግን የአገር ታሪክ እውነት መሆኑ ሣጥኑን እውነተኛ አያደርገውም። ሻጩን ዕቃው ከማን ቤት ወጣ፣ ማን አወረሰው፣ ማን ያውቀዋል ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ «አንድ ሰውዬ» ከሆነ እዚያው ተዉት።

ደግሞም የዝሆን ጥርስ መሆኑ እውነት ቢሆንስ? ያን ጊዜ ጭንቀታችሁ ይብሳል። የዝሆን ጥርስ ዓለም አቀፍ ንግድ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ታግዷል፤ ቻይናም የአገር ውስጥ ገበያዋን እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ዘግታለች። አገራችን መጋቢት 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 6.1 ቶን የዝሆን ጥርስ በእሳት አቃጥላለች። «ውጭ አገር ወስደህ በዶላር ትሸጠዋለህ» የሚላችሁ ሰው ወደ ጉምሩክ ፍተሻ እየላካችሁ ነው።

አሁን ዋናውን ነገር ልናገር፤ ብዕሬን ያነሣሁትም ለዚህ ነው።

ሬዚኑን በሬ ሸጠን ስንገዛ የራሳችንን ሰንጠረዥ በከረጢት እየጣልን ነው። ዛሬ ሰንጠረዥ ሲባል ብዙ ወጣት የሚያስበው የቁጥር መደርደሪያውን ነው። ቃሉ ግን ከፋርስና ከዐረብ በመጣው ሻጥራንጅ የሚጠራ፣ በመኳንንቱ አዳራሽ የሚዘወተር ጨዋታ ስም ነበር። ራስ አሊ፣ ራስ ጉግሣ በመሠረቷት በዚችው ደብረ ታቦር ሆነው በሚገዙበት ዘመን፣ እንግሊዝ ወደ ራስ አሊ ቆንስል አድርጋ የላከችው ዋልተር ፕላውደን የአጨዋወቱን ሕግ በዝርዝር ጽፎታል። ጨዋታው በ«ወረራ» ይጀመራል። ተራ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ጦራቸውን እንዳሻቸው ያሰልፋሉ። ከዳር የቆመው ሁሉ ምክሩን ይጮኻል። በደር፣ በግንቡ ጠጠር፣ ወይም በፈረስ ማሸነፍ እምብዛም አያስመሰግንም፤ በመደቅ፣ በተራው እግረኛ፣ ንጉሥን መርታት ግን ጨዋታ አዋቂ ያሰኛል። ከእርሱ ቀደም ሲል፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሳልት በትግራይ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ያያቸው ጠጠሮች ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ግዙፍና ሸካራ ነበሩ፤ የባላጋራን ጠጠር ሲበሉም በኃይል መትተው ከቦታው ያስነሡታል።

የእኛን ሰንጠረዥ አይታችሁ የምትስቱት በመልኩ ምክንያት ነው። ጠጠሩ ሰው አይመስልም። ከቀንድ፣ ከእንጨት ወይም ከዝሆን ጥርስ የተላገ፣ አንገቱ የጠበበ፣ የጠርሙስ ውታፍ የሚመስል ነገር ነው። ገበታውም ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥለት ተሰፍቶ ስምንት በስምንት የተከፈለ ነው። ጨርቁን ሰው ለምንጣፍ ይጠቀምበታል፤ ጠጠሩን ልጆች ይጫወቱበታል። ከዚያ አንድ መንገደኛ መጥቶ በጥቂት ብር ይገዛዋል።

የዚህን ዓይነት ስሕተት ዋጋ ሌሎች አይተውታል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኤዲንብራ ውስጥ አንድ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ በ5 ፓውንድ የገዛት፣ ከዋልረስ ጥርስ የተቀረጸች አንዲት የቼዝ ጠጠር፣ መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ከርማ እ.ኤ.አ. በ2019 ለንደን ላይ በ735,000 ፓውንድ ተሸጣለች። በስኮትላንድ ሉዊስ ደሴት ከተገኙት ጥንታዊ የቼዝ ጠጠሮች አንዷ መሆኗ የታወቀው በኋላ ነው። የእኛ ጠጠር ይህን ያህል ያወጣል እያልሁ አይደለም። የአንዲቱን ጠጠር ዋጋ የለወጠው ከየት እንደመጣች መታወቁ ነው፤ የእኛንም ቢሆን «የአባቴ ነበር፤ እርሳቸውም ከእገሌ ቤት አገኙት» የሚለው ቃል ካልታሰረበት ቁራጭ ቀንድ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ የሰንጠረዥ ከረጢት ቤታችሁ ካለ አትጠቡት፣ ቅባት አትቀቡት፣ የጎደለውን በአዲስ አትተኩት። ጠጠሮቹን ቁጠሩ፤ ሙሉው 32 ነው፤ ቢጎድልም አትጣሉ። ጨርቁን ከጠጠሩ አትለዩ። ቅርስ በግለሰብ እጅ ሊቆይ እንደሚችል፣ ነገር ግን መመዝገብ እንዳለበትና ያለ ፈቃድ ከአገር እንደማይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ደንግጓል። በወረዳና በዞን ወዳለው የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ዕቃውን ራሱን ለማታውቁት ሰው «ላስመርምርላችሁ» ሲል አትስጡ። በውሰት መልክ የወጣ ስንቱ ብራና እንዳልተመለሰ ታውቃላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። በጉና ተራራ ሥር ባሉ መንደሮች ጨዋታውን በልጅነታቸው ያዩ ሰዎች ካሉ፣ የጠጠሮቹን ስም፣ ንጉሥ ከየትኛው ቤት እንደሚቆም፣ ወረራው እንዴት እንደሚቆም ሲናገሩ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅዱ። ስማቸውንና ቀኑን ከቅጂው መጀመሪያ ላይ ተናገሩ፤ ጠጠሩም ካለ፣ ሽማግሌው ራሳቸው በእጃቸው ይዘው ሲያሳዩ ፎቶ አንሡት።