የተማሪው ማህደር የማን ነው? የትምህርት መረጃና ግላዊነት በኬንያና በኢትዮጵያ ድንበር

በሰሜን ኬንያ፣ በማርሳቢት ካውንቲ ሞያሌ ምርጫ ክልል የምትገኘው ኡራን ለኢትዮጵያ ድንበር ቅርብ ናት። ከአካባቢው ወደ ኮሌጅ የሚያቀና ወጣት ትምህርቱን ከመጀመሩ በፊት በርካታ ቢሮዎችን ያንኳኳል። በየቢሮውም የፈተና ውጤቱን፣ የወላጆቹን መታወቂያ ቅጂና የቤተሰቡን የኑሮ ሁኔታ የሚገልጽ ቅጽ ትቶ ይወጣል።

እነዚህ ሰነዶች የተፈለጉበት ጉዳይ ካለቀ በኋላ የት ይቀመጣሉ? ማንስ ያያቸዋል? ናይሮቢና አዲስ አበባ ለጥያቄው በሕግ ምላሽ ሰጥተዋል። ፈተናው ሕጉን እስከ ሬጅስትራር ቢሮና እስከ ቀበሌ ጠረጴዛ ድረስ ማድረስ ነው።

የኬንያ ሕግ ምን ይላል?

የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 31 የግላዊነት መብትን ያረጋግጣል። በአውሮፓውያኑ 2019 የወጣው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ደግሞ ተቋማት መረጃ የሚሰበስቡበትን ምክንያት እንዲገልጹ፣ ለዚያው ዓላማ ብቻ እንዲጠቀሙበትና ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይጠይቁ ያስገድዳል።

ስለዚህ ተማሪው መዝገቡን የማየትና ስህተት ካለበት እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው። የሕጉ ማስፈጸሚያ ደንብ መረጃን ለማየት ለሚቀርብ ጥያቄ የሰባት ቀናት ገደብ አስቀምጧል። ምላሽ ያጣ ተማሪ ለመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ጽህፈት ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ ጽህፈት ቤቱም አቤቱታውን በ90 ቀናት ውስጥ መርምሮ መቋጨት ይጠበቅበታል።

ትምህርት ቤቶችም ከዚህ ሕግ ውጪ እንዳልሆኑ በ2023 ታይቷል። ኮሚሽነሯ ኢማኩሌት ካሳይት የሚመሩት ጽህፈት ቤት፣ ያለ ወላጆች ፈቃድ የሕጻናትን ፎቶ ያወጣ ሮማ የተባለ ትምህርት ቤትን 4.55 ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ ቀጥቷል። ጉዳዩ ሕጻናትን የሚመለከት ቢሆንም መልዕክቱ ለኮሌጆችም ግልጽ ነበር።

እርዳታ ፈላጊው ምን ያህል ይናገር?

ለኡራን ዓይነት አካባቢ ዋናው ጥያቄ የሚነሳው በትምህርት እርዳታ ቅጾች ላይ ነው። አመልካቹ ወላጅ አልባ መሆን አለመሆኑን፣ በቤተሰቡ ውስጥ አካል ጉዳተኛ መኖሩንና የቤቱን ገቢ ይጠየቃል። የኬንያ ሕግ ደግሞ የጤና ሁኔታን፣ የቤተሰብ ዝርዝርንና የንብረት መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባቸዋል።

በሌላ በኩል የሕዝብ ገንዘብ ለማን እንደተሰጠ ማወቅ የሕዝብ መብት ነው። ዝርዝሩ ከተደበቀ አድልዎ ይሰፍናል። ሁለቱን ማስታረቅ ግን አይከብድም፤ የተረጂውን ስምና የተሰጠውን ገንዘብ ማሳወቅ ለቁጥጥር ይበቃል። እርዳታውን ያገኘበትን የቤት ገመና ማውጣት አያስፈልግም። ሁሉም በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ አንዴ የወጣ ገመና ተመልሶ አይከደንም።

ድንበር ላይ የትምህርት ወረቀት ሌላ ክብደትም አለው። በድንበር አካባቢ የሚኖሩ ኬንያውያን መታወቂያ ለማግኘት ለዓመታት በልዩ የማጣራት ሂደት ሲያልፉ ኖረዋል። ፕሬዝዳንት ዊሊያም ሩቶ ይህን አሠራር ማስቀረታቸውን ያወጁት በ2025 መጀመሪያ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ በትምህርት መዝገብ ላይ የተዛባ ስም ወይም የልደት ቀን ዜግነትን እስከማጠራጠር ሊደርስ ይችላል። መዝገብን የማየትና የማሳረም መብት እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ከድንበሩ ማዶ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ደግሞ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥቷል።

አዋጁ የመጣው የተማሪዎች ውጤት አገራዊ መነጋገሪያ በሆነበት ወቅት ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተና ከወሰዱ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። የተቋማትን ጥቅል ውጤት ይፋ ማድረግ ለተጠያቂነት ይረዳል። የግለሰብን ውጤት በመታወቂያ ቁጥር ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል ቁጥሩ የማን እንደሆነ የማያውቅ ጥቂት ነው።

ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃን ለማጣራት ቀጣሪዎች ከተቋማት መረጃ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። ሆኖም ዲግሪው እውነተኛ መሆኑን ማረጋገጥና ሙሉ ማህደሩን አሳልፎ መስጠት አንድ አይደሉም።

ወላጅስ?

ከብቱን ሸጦ ያስተማረ ወላጅ የልጁን ውጤት የማየት መብት የለውም ማለት በአካባቢው ባህል ለጆሮ ይከብዳል። በ1974 የትምህርት መዛግብት ሕግ ያወጣችው አሜሪካ መብቱ ተማሪው 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ኮሌጅ ሲገባ ከወላጅ ወደ ተማሪው እንዲዛወር ደንግጋለች። ተማሪው በግብር ሕግ የወላጅ ጥገኛ ከሆነ ግን ኮሌጁ መዝገቡን ለወላጅ ማሳየት ይችላል። አውሮፓም የመብቱን ወሰን አስፍታለች፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2017 የፈተና ወረቀትና አራሚው የጻፈው አስተያየት ጭምር የተፈታኙ የግል መረጃ ነው ብሏል።

ለኮሌጆች መጀመሪያው ቀላል ነው፦ መዝገቡን ማን እንደሚያይ በጽሑፍ መወሰን፣ ውጤትን ለባለቤቱ ብቻ ማድረስ፣ የማያስፈልግ ጥያቄን ከቅጽ ማውጣት። ተማሪውም ወረቀቱን ከማስረከቡ በፊት “ለምን ይፈለጋል? ማንስ ያየዋል?” ብሎ መጠየቅ ይችላል። ሕጉ ይህን ጥያቄ የመመለስ ግዴታን የጣለው በሰብሳቢው ላይ ነው።