ፓርላማ በጋብቻ ምን አገባው?

የታይላንድ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2024 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ሲያጸድቅ እኛ ዘንድ ተደጋግሞ የተሰማው ጥያቄ ይሄ ነው። ፓርላማ በጋብቻ ምን አገባው? ጋብቻ የእግዜርና የሽማግሌ ጉዳይ እንጂ እጅ እየወጣ የሚወሰን ነገር ነው እንዴ? የጠያቂዎቹ ንዴት ይገባኛል። ጥያቄው ግን ከባንኮክ ይልቅ ለዱርቤቴ ነው የሚከብደው።

ታይላንዶች ያደረጉት ነገር ሲታይ ቀላል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋቸውን ገልጠው «ወንድና ሴት»፣ «ባልና ሚስት» የሚሉትን ቃላት ፆታ በማይለዩ ቃላት ተኩ። ከ415 እንደራሴዎች 400ው ደገፉ፤ ሴኔቱ በ130 ድምፅ ለ4 አሳለፈው፤ ንጉሡ ፈረሙ፤ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ደቡብ አፍሪካም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተገዳ ነገሩን ለፓርላማዋ አቅርባለች። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2006 ላይ 229 ለ41 ሆኖ አለፈ። እኛ ጋ የወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 629 ድርጊቱን ራሱን ወንጀል ስላደረገው እንዲህ ያለ ረቂቅ የለም። የዛሬው ሙግቴም በሱ አይደለም። የታይላንዱ አዋጅ በጎን አንድ ነገር ይዞ አልፏል፤ የጋብቻ ዕድሜን ከ17 ወደ 18 ከፍ አድርጓል። ይህን እኛ ሰፈር ያወራለት ሰው አልሰማሁም።

ይቺን እኛ ቀድመናቸው ሠርተናታል! በጃንሆይ ጊዜ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ይል ነበር። ባልን የቤተሰቡ አለቃ፣ ሚስትን ታዛዥ ያደረገውም እሱ ነው። (ልብ በሉ፣ ይሄም የተጻፈ ሕግ ነው። ከሰማይ አልወረደም።) የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ወጥቶ ወርዶ፣ ተከራክሮ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰኔ 27 ቀን 1992 የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213ን አወጣ። ለሁለቱም 18 ሆነ፤ አለቃና ታዛዥ መባባሉም ቀረ። ታዲያ የቤተሰብ ሕግ የክልል ሥልጣን ስለሆነ አዋጁ የጸናው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ብቻ ነበር። ባሕር ዳር ያለው የክልላችን ምክር ቤት የራሱን አዋጅ ቁጥር 79 ያወጣው በ1995 ነው። በመሀል ባሉት ዓመታት የአዲስ አበባዋ የ15 ዓመት ልጅ በአዲሱ ሕግ ስትጠበቅ የአቸፈሯ በአሮጌው ትዳር ነበር። ፓርላማ በጋብቻ ምን አገባው የምትሉ አባቶቼ፣ ይኸውላችሁ!

«እጅ ወጣ፣ ምን ለወጠ?» የሚል ሰው ግን ቢሞግተኝ እሰማዋለሁ።

በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከ13 ዓመት በታች ያለች ልጅ ያገባውን እስከ 7 ዓመት፣ ከዚያ በላይ ሆና ለአቅመ ጋብቻ ያልደረሰች ያገባውን እስከ 3 ዓመት ያሳስራል። በወረቀት ጥሩ ነው። 18 መሙላቷን የሚናገረው ወረቀትስ የታለ? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004፣ ምዝገባው በአገር ደረጃ የተጀመረው ነሐሴ 2008 ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ 14 እና 15 ዓመት የሞላት ልጅ ስትወለድ የሚመዘግባት አልነበረም። ዕድሜዋ አባቷ ያሉት ነው። ጉዳዩ ከከረረ ጤና ጣቢያ ወስዶ ቁመትና ጥርስ ማየት ነው። የተቀረውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ድግሱ «ተዝካር ነው»፣ «ማኅበር ነው» ይባላል። ታላቂቱ ስትዳር ታናሺቱም ለወጪ ቁጠባ እዚያው ዳስ ውስጥ ትዳራለች። ሚዜ፣ ሽማግሌና ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ፖሊስ ብቻ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ ሸፋፍን መሀል ልጅቱን ያስጥሏት የነበሩት በአብዛኛው መምህሯና የክፍል ጓደኞቿ ናቸው። ለሦስት ቀን ከክፍል ከጠፋች ይጠይቃሉ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ግን ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ቤት ከሌለ ማን መቅረቷን ያያል? አባትም በዚህ ክፉ ቀን ልጁን ለሰው ቤት መስጠቱን እንደ ማትረፍ ቢቆጥረው አልፈርድበትም፤ ልጅቱ ግን የምትገባው ምጥ ውስጥ ነው።

ሕጉን ተሟግቶ ያስወጣው ማኅበርስ? አዋጁ ከወጣ ከዓመት ትንሽ አለፍ ብሎ መንግሥት አገደው፤ ኋላ ፈታው። በ2001 ደግሞ በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበር ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከገቢው አሥር በመቶ እንዳይበልጥ የሚል አዋጅ መጣ። ያ አዋጅ በ2011 እስኪሻር ድረስ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ከስመው ከረሙ። እጅ አውጥቶ ሕጉን ያጸደቀ መንግሥት ለሕጉ የሚጮኸውን አፍ ያዘ ማለት ነው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ የታይላንድ ሴኔት አይደለም።

የክልሉ ምክር ቤት አዋጅ 79ን ካወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሠርግ ወር ጥር ሳይገባ አንድ ስብሰባ ላይ ይጠይቅልን። ስንት ሠርግ ተቋረጠ? ስንት ሰው ተከሰሰ፣ ስንቱስ ተቀጣ? ከ2008 በፊት ለተወለዱት ልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ማን ይሰጣል? መልሱን በቀበሌ በቀበሌ ለይቶ ያንብብልን፤ ከደቡብ አቸፈርም ይጀምርልን።