ስትሪንግ ነህ ሉፕ?

ደብረ ታቦር ካፌዎች ውስጥ «አርሴናል ነህ ማንቼ?» ማለት የተለመደ ነው። አሁን አሁን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ሁለት ቪዲዮ ያየ ወዳጃችን ሁሉ በፊዚክስም ቡድን ይዟል። ክርክሩን ወደነዋል፤ ጭፍን ድጋፉን ግን አልወደድነውም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ለአንስታይን ስበት የቦታና የጊዜ መጉበጥ ነው። ኳንተም ፊዚክስ ደግሞ ኃይልን በቅንጣቶች ልውውጥ ያሰላል። ለኤሌክትሪክ የሠራው ስሌት ስበት ላይ ሲሞከር ግን መልሱ ኢንፊኒቲ ይሆናል፤ አንዱን ሲደፍኑት ሌላው ይከፈታል። ጎሮፍና ሳኞቲ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህንኑ አስልተው አሳይተዋል።

ታዲያ ምን እንልቀቅ? ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ስትሪንጎች ነጥብ የሚያህለውን ቅንጣት ለቀቁና «ሁሉም የሚርገበገብ ክር ነው» አሉ። የስበት ቅንጣት ሳይጠሩት ከስሌቱ ብቅ አለ፤ ዋጋው ግን አሥር ልኬት ያለው ዓለም ነው (አራቱም ይበዙብናል!)። ሉፖች የለቀቁት አስቀድሞ የተነጠፈ ቦታን ነው። አሽተካር በ1986 የአንስታይንን ቀመር በአዲስ መልክ ጻፈው፤ ሮቬሊና ስሞሊን በ1995 የቦታ ስፋት ራሱ በቁርጥራጭ እንደሚመጣ አሰሉ። ከቁርጥራጩ ተነስቶ የምንኖርበትን ለስላሳ ዓለም መልሶ ማግኘት ግን እስካሁን አስቸግሯል። ዋይንበርግ በበኩሉ «ምንም አትልቀቁ፣ ጉድለቱ ከአሰላላችን ይሆናል» የሚል መንገድ ጠቁሞ ነበር።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ድጓው የያሬድ ነው፤ ዜማው ግን እዚሁ ጋይንት ያለችው ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብር እየተባለ በቤት ይለያል። የአንዱ ቤት ተማሪ የሌላውን ስህተት ነው አይልም። የፊዚክሱ ቤቶች ግን ይህ ዕድል የላቸውም፤ ተፈጥሮ አንዱን፣ ምናልባትም ሁሉንም፣ ልትጥል ትችላለች። ስበት በርግጥ ኳንተም መሆኑን በሁለት ጥቃቅን ቁሶች የመፈተን ሐሳብ በ2017 ቀርቧል፤ ውጤት ግን ገና የለም። እኛ በልባችን ወደ ሉፕ እናደላለን፤ ቦታን ከመጀመሪያው አለመገመቱ ደስ ይለናል። ደስታችን ግን ማስረጃ አይደለም።

ስለዚህ «ፊዚክስ ደረሰኝ» ብለህ ያዘንከው ወንድማችን፣ እህታችንም፦ ለዚህ ሥራ ቅንጣት ማፋጠኛ አያሻም። አርካይቭ ላይ ጥናቶቹ ከ1991 ጀምሮ በነጻ ይገኛሉ። ሊኒየር አልጀብራችሁን ያዙና ሁለቱንም ቤት ግቡ። የዩኒቨርሲቲያችን መምህራንም አንድ የንባብ ክበብ ቢከፍቱልን ቡናውን እኛ እናፈላለን።