በጋን የማያውቅ አበባ

በአገራችን የእንግሊዝኛ ክፍሎች ውስጥ አንድ የትርጉም ስህተት ከትውልድ ትውልድ ይተላለፋል። «ክረምት ማለት ዊንተር ነው» ይባላል። ዊንተር ግን ዛፉ ራቁቱን የሚቆምበት፣ ቀለም ከምድር የሚጠፋበት ወቅት ነው። የኛ ክረምት ደግሞ ድንጋይ ላይ ሳይቀር የሚበቅልበት ነው። የኛን ዊንተር ካላችሁ እሱ በጋ ነው። ሣሩ የሚቃጠልበት፣ አቧራው ቅጠል ላይ የሚጋገርበት፣ ባሕር ዳር ላይ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ሰማዩ በሩን ዘግቶ የሚከርምበት።

ይሄን ያነሳነው መዝገበ ቃላት ልናርም አይደለም። ስለ አበባ ልንጣላ ነው። አዎ፣ ስለ አበባ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈረንጆቹ አትክልት ስፍራ ሲያቅዱ ጎበዞቹ የሚጀምሩት ከክፉው ወር ነው። በሰኔማ ሁሉም ነገር ያምራል፤ ጥያቄው ጥር ላይ ምን ይታያል የሚለው ነው። ስለዚህ ግንዱ ነጭ የሆነ ዛፍ ይመርጣሉ። ቅጠሉ ሲረግፍ ቅርንጫፉ እንደ ፍም የሚቀላ ቁጥቋጦ ይተክላሉ። በብርድ መሃል የሚሸት አበባ ከመግቢያው በር አጠገብ ያደርጋሉ። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ቦታኒክ ጋርደን ለዚህ ወቅት ተብሎ የተዘጋጀ ስፍራ አለው። አንግልሲ አቢ በሚባለው የእንግሊዝ ግቢም እ.ኤ.አ. በ1998 ተመሳሳይ ስፍራ ተከፍቶ ሰው በዊንተር ለማየት ይሄዳል።

እኛ ከነሱ ምን ወሰድን? ሣሩን ወሰድን። የተከረከመውን አጥር ወሰድን። በካታሎግ ላይ ያየነውን አበባ ወሰድን። ሐሳቡን ግን እዚያው ትተነው መጣን። ሐሳቡ «በርች ትከሉ» አይደለም፤ «የአገራችሁን ክፉ ወቅት እያያችሁ ትከሉ» ነው።

አሁን ባሕር ዳርን ተመልከቱ። ከተማዋ በዘንባባዎቿ የምትታወቅ ውብ ከተማ ናት፤ ይሄን አንክድም፣ እንዲያውም እንኮራበታለን። እ.ኤ.አ. በ2024 ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች የወረደው የኮሪደር ልማትም እዚህ ደርሷል። ሆቴሉ፣ ካፌው፣ መሥሪያ ቤቱ፣ አዲስ ቤት የሠራው ዳያስፖራ ሁሉ ግቢውን እያስዋበ ነው። ጎሽ! ችግሩ ሁሉም ለመስከረም መትከሉ ነው። በመስከረም ደግሞ ማንም ሰው ማንንም ሳያስቸግር አረንጓዴ ነው። ጥር ሲገባ የቦቴ መኪና ይጠራል፣ ጎማ ይዘረጋል፣ ሣሩ ቀን በቀን ይጠጣል።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በበጋ ፀሐይ አንድ ካሬ ሜትር ሣር አረንጓዴ ሆኖ ለመቆየት በቀን በግምት 4 ሊትር ውኃ ቢፈልግ (ይሄ እንዲያውም በልክ የተያዘ ግምት ነው) 100 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 400 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ጊዜ። አንድ ካፌ ፊት ለፊት ያለች፣ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ የተተከለባት ሣር በየቀኑ 20 ጀሪካን! በከተማው ዳርቻ ግን ቧንቧው ስለደረቀ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ጀሪካን የምትደረድር እናት አለች። እሷ የማትረግጠው ሣር ከሷ በፊት ይጠጣል። ይሄን ማስዋብ ብሎ መጥራት ይከብደናል።

«ውኃው ከሐይቁ ቢቀዳስ?» የሚል አይጠፋም። ሐይቁን ካነሳችሁ አይቀር እንግዲህ ስለ እምቦጭ እናውራ።

እምቦጭን ሁላችንም የምናውቀው እንደ ጠላት ነው። ገበሬው ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው፣ ማሽን ሲገዛለት፣ ቴሌቶን ሲዘጋጅለት አይተናል። ግን አበባውን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ሐምራዊ ነው፣ ከላይኛው ቅጠሉ መሃል ላይ ቢጫ ነጥብ አለው። በጣም ያምራል። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰውም በዋናነት በዚህ ውበቱ ነው፤ ሰዎች ለኩሬያቸው ጌጥ ብለው ከአገር አገር አዞሩት። በኛ አገር እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃና አዋሽ ላይ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ መኖሩ ተረጋገጠ። ከዚያ ወዲያ በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር የሐይቁን ክፍል ሸፍኖ ዓሣ አጥማጁን፣ ታንኳውን፣ የሐይቁ ዳር ግጦሹን ምን እንዳደረገ ለባሕር ዳር ልጅ አይነገረውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ ሲመዘግብ አረሙ ውስጡ ተኝቶ ነበር።

የየብሱ እምቦጭም አለላችሁ። የወፍ ቆሎ የምንላት ባለ ብዙ ቀለም ቁጥቋጦ እሷም ከአሜሪካ ምድር ለጌጥና ለአጥር ተብላ የተሰራጨች ናት። ፍሬዋን ወፍ ይበላል፣ ይበርራል፣ ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ከዚያ ግጦሽ የነበረው መሬት የሷ ይሆናል። በየግቢው አሁንም ትተከላለች፤ ምክንያቱም ታምራለች።

ስለዚህ «አበባ ምን ጉዳት አለው?» ለሚል ሰው መልሳችን አንድ ነው፦ ወደ ጣና ውረድና እየው።

ከዚያው ሐይቅ ሳንወጣ ግን ሌላውንም ማየት ይቻላል። ከባሕር ዳር ሰዓታት የሚፈጅ የጀልባ ጉዞ ተጉዛችሁ ደቅ ድረሱ። ደቅ ከጣና ደሴቶች ትልቁ ነው። በምዕራብ ጠርዙ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ከምሥራቁ ደግሞ ከመካከላችን ሴቶቹ እግራችንን የማናሳርፍበት፣ ከጀልባ ላይ ብቻ የምናየው ደጋ እስጢፋኖስ በደን ተሸፍኖ ቆሟል። በየካቲት ሂዱ። በዙሪያው ያለው እርሻ ቢጫ ሆኖ፣ መሬቱ ተሰንጥቆ ታያላችሁ፤ የቤተክርስቲያኑ ቅጥር ጋ ስትደርሱ ግን ጥላ ይጀምራል። ጎማ የዘረጋ የለም። ቦቴ አልመጣም። ዋንዛው፣ ሾላው፣ ዶቅማው፣ ብሳናው ሥራቸውን ወደ ታች ሰደው፣ የወደቀ ቅጠላቸውን መሬቱ ላይ አንጥፈው፣ ትልቁ ለትንሹ ጥላ ሆኖ በጋውን ያልፋሉ።

ካህናቱ ደን የሌለው ቤተክርስቲያን ልብስ እንዳልለበሰ ሰው ነው ይላሉ። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ስላሉት የቤተክርስቲያን ደኖች ለዓመታት ያጠኑት ዶ/ር አለማየሁ ዋሴም የሚነግሩን ይሄንኑ በሳይንስ ቋንቋ ነው፤ እነዚህ ትናንሽ ደኖች የአገር በቀል ዛፎቻችን የዘር ጎተራ ናቸው። ጎተራው ከአፍንጫችን ሥር ሆኖ እኛ ዘር ከካታሎግ እናዛለን።

«እሺ፣ ግን አገር በቀል ዛፍ አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ቀለም የለውም» የሚሉ ወዳጆች አሉን። እነዚህ ወዳጆቻችን በበጋ ከመኪና ወርደው አያውቁም ማለት ነው።

ቆርች ቅጠሉን አራግፎ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ የሚያወጣውን ቀይ አበባ ያየ ሰው «ቀለም የለም» አይልም። ዝርያው ከነ አተር ወገን ስለሆነ መሬቱን ያዳብራል፤ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ቢተከል ይጸድቃል፤ አባቶቻችን አጥር ያደርጉት የነበረውም ለዚህ ነው። (ፍሬው መርዝ ስለሆነ ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱት አስተምሩ።) እሬት በድንጋያማ መሬት ላይ፣ ያለ ውኃ፣ ቀይና ብርቱካናማ አበባውን እንደ ችቦ ያቆማል፤ ወፎቹም ይርመሰመሱበታል። በአገራችን ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች አሉ፤ አንዱንም አደባባይ ላይ ለማየት ፋኖስ ይዛችሁ ትፈልጋላችሁ። ብሳና ያረጀ ቅጠሉን ሳይጥል በፊት ብርቱካናማ ያደርገዋል፤ ፈረንጅ ይሄንን ለማየት ትኬት ይቆርጣል። የብሳና ማርን ደግሞ ጎጃም ለተወለደ ሰው ማስተዋወቅ ነውር ነው። ዋንዛ ክረምቱ ሲወጣ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፤ ንቡ ይጠግባል፣ ልጁ ፍሬውን ይለቅማል። ሰንሰል ለአጥር ይሆናል፣ ነጭ አበባ አለው፣ ከቁራጭ ይበቅላል።

አጋምስ? «ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» እያልን ስሙን አጠፋነው እንጂ ነጭ አበባው የሚሸት፣ ፍሬው የሚበላ፣ ድርቅ የሚችል፣ እሾሁ ሌባ የሚመልስ ሌላ ምን ቁጥቋጦ አለ? ከፍ ያለ ቦታ ለምትኖሩት ለነ ደብረ ታቦርና ለአዲስ አበባ ወዳጆቻችን ደግሞ ቀጋ አለችላችሁ፤ ነጭ አበባ፣ ከዚያ ቀይ ፍሬ። ኬንያ ወይም ሆላንድ መሄድ ሳያስፈልግ የራሳችን ጽጌረዳ ናት። ውኃ ዳር ላላችሁ ደንገል አለ፤ የጣና ታንኳ የሚሠራበት፣ ከሐይቁ ዳር እየሳሳ የመጣው ደንገል። በአንድ ሎጅ ኩሬ ውስጥ ቢተከል ቱሪስቱም ፎቶውን ያነሳል፣ ተክሉም ይተርፋል።

ይሄንን ሁሉ ይዘን በከተማችን ካሉ የችግኝ መሸጫዎች ወደ አንዱ ሄደን ቆርች ጠየቅን። ሻጩ ሳቀ። «ገጠር ሂዱና ከአጥር ላይ ቁረጡ» አለን። ልክ ነው፤ እሱ የሚሸጠው የሚጠየቀውን ነው። የማይጠየቅ ደግሞ አይፈላም፣ የማይፈላ አይሸጥም፣ የማይሸጥ ይረሳል።

አሁን ሊነሱብን የሚችሉትን እንመልስ።

አንደኛ፣ «መጤ ጠላችሁ» እንባላለን። አልጠላንም። በርበሬ መጤ ነው፤ ያለሱ ወጥ አንበላም። ማንጎ መጤ ነው። ጃካራንዳና የድሬዳዋ ዛፍም መጤዎች ናቸው፣ ጥላና ቀለም ሰጥተውናል፤ የቆሙት ይቁሙ። ተክልን ፓስፖርት አንጠይቅም። ሦስት ጥያቄ ግን እንጠይቃለን፦ በመጋቢት ማን ያጠጣሃል? ንብና ወፍ ምን ያገኙብሃል? ከግቢው ብታመልጥ የት ትቆማለህ? ማንጎ ሦስቱንም ይመልሳል። የወፍ ቆሎ ሦስተኛው ላይ ትወድቃለች። የካፌው ሣር የመጀመሪያው ላይ ይወድቃል። ዘንባባም ካስፈለገ ለሆሳዕና የምንይዘው፣ በወንዝ ዳር የሚበቅል የራሳችን ዘንባባ አለን።

ሁለተኛ፣ «አገር በቀል ቀስ ብሎ ነው የሚያድግ» ይባላል። ለዝግባና ለወይራ እውነት ነው። ለቆርች ቁራጭ፣ ለሰንሰል አጥር፣ ለእሬት ግን ውሸት ነው። ዋንዛም ቢሆን ቀርፋፋ አይደለም። ደግሞ የቸኮልነው ለምንድነው? ለሪቫን ቆረጣው ካልሆነ በቀር።

ሦስተኛውና ከባዱ፣ «እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ክልሉ በጦርነት ሲታመስ እናንተ ስለ አበባ ታወራላችሁ?» የሚለው ነው። ጥያቄውን እናከብረዋለን። ሰው እየሞተ ስለ ቀለም ማውራት ያሳፍራል። ግን አበባውን እኛ አላመጣነውም፤ በጀቱ ወጥቷል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሯል፣ ቦቴው እየተመላለሰ ነው። ስለማይጠቅመው ዝም ብለን ስለ ሌላው ብቻ ብናወራ ውኃው ይተርፋል? በችግር ጊዜ ደግሞ ውኃ ለማን እንደሚደርስ መጠየቅ የቅንጦት ወሬ አይደለም።

ቁጥር ማሳደድም ይብቃን። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰማ። ስንት እንደተተከለ ሁሉም ያስታውሳል፤ ምን እንደተተከለ የሚያስታውስ ስንት ሰው ታውቃላችሁ?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ የሚንቀሳቀሱ ችግኝ ጣቢያዎች በየዓመቱ ምን ዓይነት ችግኝ እንዳፈሉ፣ ከዚያ ውስጥ አገር በቀሉ ስንት እንደሆነ በስሙ ይለጥፉ። ለአደባባይና ለመንገድ አካፋይ የሚሆን ተክል የሚመርጥ ኮሚቴ ሥራውን በመስከረም ሳይሆን በመጋቢት ይጎብኝ፤ ያን ቀን ያለ ቦቴ አረንጓዴ የሆነውን ይምረጥ። አዲስ ሣር የሚያነጥፍ መሥሪያ ቤት ውኃው ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ ይናገር። ሆቴሎችና ካፌዎች ከሣሩ ግማሹን በእሬትና በአጋም ቢተኩ ደንበኛ አይቀንስባቸውም፤ የውኃ ሒሳባቸው ግን ይቀንሳል።

እናንተም፣ ይሄን የምታነቡ የኮንዶሚኒየምና የኪራይ ቤት ልጆች፣ መሬት የለንም ብላችሁ አታምልጡ። በረንዳ ላይ አንድ እሬት በጣሳ ይበቅላል። ግቢ ያላቸው ዘመዶቻችሁ ጋ በፋሲካ ስትሄዱ ከአጥራቸው ላይ አንድ ክንድ የሚያህል የቆርች ቁራጭ ለምኑና ሰኔ ላይ ትከሉት። ከችግኝ መሸጫው ስታልፉም ቆርች ጠይቁ። ሻጩ ይስቃል። በሳምንቱ ሌላ ሰው ይጠይቀው። አሥረኛው ሰው ሲመጣ መሳቁን ትቶ ማፍላት ይጀምራል።