ብሎን ሁሉ ብሎን አይደለም!

ሞጣ ከተማ ላይ የቆርቆሮ ፉክክር ሰልችቶኛል። አንዱ «የኔ 28 ጌጅ ነው» ይላል፤ ሌላው የፋብሪካውን ስም ይጠራል። ጤፉን ሸጦ፣ ዕቁቡን አውጥቶ ጣሪያ የከደነ ሰው ቢኮራ አልፈርድበትም። ግን በምን አስመታኸው? ስል መልሱ አንድ ነው፦ «ብሎን ሁሉ ብሎን ነው።»

አይደለም! ደግሜ እላለሁ፣ አይደለም!

የምትኮራበት 28 ጌጅ እኮ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ስስ ብረት ከነፋስ የሚያስጥለው ምንድን ነው? ጌጁ? የፋብሪካው ስም? የያዘው ብሎን ነው እንጂ!

የእናቴን ጣሪያ ሠሪው በርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ ለብረት በተሠራ ብሎን መታው፤ ጫፉ መሰርሰሪያ፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነው። በሚያዝያ ነፋስ አንድ ጥግ ተገነጠለ። መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ያልተነቀለውን ብሎን በሁለት ጣቴ ሳብኩት፤ ወጣ። ካቻቢቴ አልፈለገም፣ ጉጠት አልፈለገም። ጥርሱ ላይ የእንጨት ብናኝ፣ አናቱ ሥር ተጨፍልቆ የተሰነጠቀ ጎማ። እናቴ ከታች ሆና «ጠበቀ?» ትለኛለች። ምን ልበላት?

ነገሩ ምሥጢር የለውም። የብረት ብሎን ጫፉ እንጨቱን ሰርስሮ ያወጣዋል፤ ደቃቁ ጥርስ የሚነክሰው አያገኝም። እንጨቱ ሲደርቅ ደግሞ ይሸሻል፤ ቀዳዳው ይላላል። ለእንጨት ሹል ጫፍና ሰፋፊ ጥርስ ያለው ነው የሚያዘው። ለቱቦላሬ መሰርሰሪያ ጫፉ ከሚበሳው ብረት ድምር ውፍረት መርዘም አለበት፤ ብስቱ ሳያልቅ ጥርሱ ከነከሰ ብሎኑ ይሰበራል። ቆርቆሮን ከቆርቆሮ ለማያያዝስ? ወፍራም ጫፍ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ጥርሱ በባዶ ይዞራል። ለዚያ አጭርና ቀጭን ጫፍ ያለው አለ። ሦስት ሥራ፣ ሦስት ብሎን። ይህ ይከብዳል?

አይከብድም! የከበደን እውነቱን መናገር ነው። ነጋዴው «ለእንጨት ነው ለብረት?» ብሎ ሳይጠይቅ በኪሎ ይመዝናል። ሠሪው ብሎኑን በመዶሻ ግማሽ ድረስ ቀጥቅጦ በትራፓኖ ሁለቴ ያዞርና «ሠራሁ» ይላል። ባለቤቱስ? ለቤት ምርቃት በግ ይጥላል፣ ጠላ ያስጠምቃል፣ አገር ይጠራል፤ ብሎን ላይ ሲደርስ ግን ሳንቲም ይቆጥራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ አይደለም?

ሞጣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ሌሊቱ ብርድ፣ ቀኑ ጠራራ። ሦስት ሜትር ቆርቆሮ በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር ይለጠጣል፤ ማታ ይሰበሰባል። በየቀኑ! የላላ ብሎን ቀዳዳውን ይፍቃል፣ ያለ ልክ የጠበቀው ደግሞ ጎማው ይፈነዳል። ከዚያ ክረምት ይገባል፤ ጣሪያው ያፈስሳል። «ቆርቆሮው ዝጎ ነው» ትላለህ። ውሸት! ያዛገው የአንተ ስስት ነው።

ነጠብጣቡንስ ጎድጓዳ ሳህን ደቅነህ አሳለፍከው እንበል። ነፋስ የገነጠለው ቆርቆሮ ግን ሰይፍ ነው። ጎረቤትህ ግቢ ልጅ ይጫወታል። ያን ቀን «ብሎን ሁሉ ብሎን ነው» ብለህ ለእናቱ ትነግራታለህ?

አንተም ይህን ታውቃለህ። ሠሪው መዶሻ ሲያነሳ አይተህ ሆድህ ተንቦጫቡጯል፤ «ባለሙያን መናገር ነውር ነው» ብለህ ዋጥከው። ነውሩ ዝምታህ ነው! የመሰላሉን እግር ያዝና አስቁመው። ሱቅ ስትገባ ጫፉን አይ፣ ጥርሱን ዳስስ፣ ጎማውን በጥፍርህ ተጫን። ካስመታኸው አንዱን ንቀልና ፈትን።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የእናቴን ጣሪያ በልኩ ብሎን እንደገና አስመታሁት፤ ያን በጣቴ የወጣውን ግን አልጣልኩትም። «ሁሉም አንድ ነው» ለሚለኝ ሁሉ መዳፉ ላይ አኖርለታለሁ።